የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የድንጋይ ደረጃን በተራራ ብስክሌት መውረድ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ስለገጠሙ አብረን አቅርበናቸዋል። የመጀመሪያው መልስ ረዘም ያለው ለሌሎቹም መሠረት ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጀርመን፣ ሃይደልበርግ ከተማ ነው። ብስክሌቴ ባለ 29 ኢንች ጎማ ሲሆን የፊት ሾኩ 130 ሚሊ ሜትር ይጨመቃል፤ ፍሬኑ የዘይት ዲስክ ነው። ክብደቴ 78 ኪሎ። ከአሮጌው ቤተ መንግሥት ወደ ኬኒግሽቱል ተራራ ጫፍ የሚወጣውን «ሂመልስላይተር» የተባለ የድንጋይ ደረጃ በብስክሌት መውረድ እመኛለሁ። አጫጭር ደረጃዎች ላይ ስለማመድ ግን የምገለበጥ እየመሰለኝ የፊት ፍሬን መንካት እፈራለሁ። የኋላውን ብቻ ስይዝ ደግሞ ጎማው ተቆልፎ ወደ ጎን ይሸሻል። ጥፋቴ የቱ ጋ ነው?

መልስ፦ በመጀመሪያ ስለ ቦታው። ሂመልስላይተር፣ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የሰማይ መሰላል»፣ 1,200 ያህል ያልተስተካከሉ የአሸዋ ድንጋይ እርከኖች ያሉት የእግረኛ መውጫ ነው። ሃይደልበርግ የምትገኝበት የባደን ቩርተምበርግ ግዛት የደን ሕግ ስፋቱ ከ2 ሜትር በታች በሆነ የደን መንገድ ላይ ብስክሌት መንዳትን ይከለክላል። ስለዚህ ያንን ደረጃ በእግርዎ ይውጡት፤ በብስክሌት ግን አይውረዱት። ሕጉ ባይኖር እንኳ ምክራችን ያው ነበር። ከታች ጎንበስ ብሎ እያለከለከ የሚወጣ ሰው ድንገት ብስክሌት ቢመጣበት መሸሻ የለውም፤ እርስዎም ቁልቁል እየነዱ በሁለት ሜትር ውስጥ ሊቆሙ አይችሉም። በዚያው ተራራ ለቁልቁለት ብስክሌት ተፈቅዶ የተሠራ መንገድ ስላለ ልምምዱን እዚያ ያድርጉ።

አሁን ወደ ፍሬኑ። ከፍታው 17፣ መርገጫው 29 ሴንቲ ሜትር የሆነ ደረጃ 30 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። በእንዲህ ያለ ቁልቁለት ላይ፣ ወገብዎን ወደ ኋላ ቢያደርጉም፣ ከእርስዎና ከብስክሌቱ ክብደት ከመቶ 80 ያህሉ የሚያርፈው በፊት ጎማ ላይ ነው። የኋላው ጎማ ከሞላ ጎደል ባዶውን ነው የሚንከባለለው። ባዶ ጎማ ትንሽ ሲያዝ ይቆለፋል፤ የተቆለፈ ጎማ ደግሞ አቅጣጫ ስለማይጠብቅ ወደ ጎን ይሄዳል። የደረሰብዎት ይኸው ነው። ደረጃ ላይ የሚይዝዎት የፊት ፍሬን ነው፤ እሱን ከተዉ ፍሬን የለዎትም ማለት ይቻላል።

መገልበጡስ? ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚገለበጠው ደረጃው መሃል ላይ ፍጥነት ልቀንስ ሲል ነው። የያዙትን ፍጥነት ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ በፍሬን ጠብቀው ከወረዱ፣ ሚዛንዎ በዚያው 30 ዲግሪ ላይ እንደቆመ ሰው ነው፤ አይገለብጥም። ፍጥነትዎን በአንድ ሰከንድ ውስጥ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ያህል ለመቀነስ ሲሞክሩ ግን ሚዛንዎ 39 ዲግሪ ቁልቁለት ላይ እንዳለ ሰው ይሆናል። ደረጃው ሳይለወጥ ቁልቁለቱን በራስዎ እጅ አባሱት ማለት ነው። ስለዚህ ፍጥነት የሚወሰነው ላይ፣ ከመጀመሪያው እርከን በፊት ባለው ሜዳ ነው። ለመነሻ በሰዓት ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም የሶምሶማ ሩጫ ያህል፣ ይበቃል። ከዚያ በታች ሲሄዱ ጎማው እያንዳንዱ እርከን ላይ ዘጭ ይላል፤ ብስክሌቱም ይንገጫገጫል፣ ቀጥ ብሎም አይሄድም።

አወራረዱ እንዲህ ነው። ኮርቻውን ከተለመደው ቁመት ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያድርጉ። ፔዳሎቹ እኩል አግድም ይሁኑ፤ ተረከዝዎን ወደ ታች ይጫኑ። ጉልበትና ክርን ይታጠፉ። ደረትዎን ወደ መሪው ዝቅ አድርገው ወገብዎን ከኮርቻው ኋላ ያውሉ፤ ነገር ግን ክንድዎ እስኪዘረጋ ድረስ አይሽሹ። ጀማሪው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ክንድ ቀጥ ብሎ ካለቀ፣ የፊት ጎማው ቀጣዩን እርከን ሲወርድ መሪው ሰውየውን ጎትቶ ወደ ፊት ይጥለዋል። ክርኑ የታጠፈ ሰው ግን መሪውን ወደ ታች መልቀቅ ይችላል።

ወደ ደረጃው የሚገቡት ከጠርዞቹ ጋር መስቀለኛ ሆነው፣ ቀጥ ብለው ነው። ሰያፍ ከገቡ የፊት ጎማው በጠርዙ ላይ ተንሸራቶ ይሄዳል። ደረጃው የሚጠመዘዝ ከሆነ መርገጫው ሰፋ የሚለውን የውጭውን በኩል ይያዙ። ዓይንዎ ከፊት ጎማዎ ስምንት ወይም አሥር እርከን ቀድሞ ይሁን። በእያንዳንዱ ፍሬን ላይ አንድ ጣት ብቻ፤ የፊቱን ቀስ ብለው አስቀድመው ይጨብጡና እኩል ይዘው ይቆዩ፣ ያዝ ለቀቅ አያድርጉ። ሁለት እርከን ሲቀር ሁለቱንም ይልቀቁ። የለቀቁት ጎማ ከቁልቁለት ወደ ሜዳ የሚደረገውን መታጠፍ እየተንከባለለ ያልፈዋል።

ልምምዱን ከሦስት እርከን ይጀምሩ፤ ቁመታቸው ከ15 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ ከታች ቢያንስ 10 ሜትር ባዶ ሜዳ ያለው ይሁን። አሥር ጊዜ ያለ ድንጋጤ ከወረዱት በኋላ ወደ ስድስት፣ ከዚያ ወደ አሥራ ሁለት ይሂዱ። አዲስ ደረጃ ሲሆን ሁልጊዜ አስቀድመው በእግር ይውረዱት። የሚነቃነቅ ድንጋይ፣ የጎደለ እርከን፣ መሃል ላይ የተተከለ የብረት መደገፊያ፣ እነዚህ ከላይ ሆነው ሲያዩ አይታዩም። ሙሉ ፊት የሚሸፍን ሄልሜት፣ የጉልበት መከላከያና ጓንት ሳይኖር ከሦስቱ እርከን አይለፉ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ከሽሮ ሜዳ ነው የምጽፈው። ያገለገለ ባለ 26 ኢንች ብስክሌት አለኝ፤ ፍሬኑ ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ የሚቆነጥጥ የሽቦ ፍሬን ነው። ከእንጦጦ በኩል ስወርድ 14 እርከን ያላት የድንጋይ ደረጃ አለች። ደጋግሞ የኋላ ጎማዬ የመጨረሻዋ እርከን ላይ ይተነፍሳል። ጎሚስታው ሲፈታው ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ያገኛል፤ እሾህ ነው ይለኛል፤ እሾህ ግን ጎማው ውስጥ አላገኘንም።

መልስ፦ እሾህ አይደለም። ጎን ለጎን የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች ብስክሌተኞች «የእባብ ንክሻ» የሚሉት ናቸው። ጎማው የድንጋይ ጠርዝ ሲመታ እስከ ቸርኬው ድረስ ይጨፈለቃል፤ ከመነዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው ሁለት ከንፈሮች መካከል ተቆንጥጦ ይበሳል። ምክንያቱ የአየር ማነስ ነው። የመጨረሻዋ እርከን ላይ የሚሆነውም ቁልቁለቱ ድንገት ወደ ሜዳ ስለሚለወጥ የሰውነትዎ ክብደት በሙሉ እዚያ ስለሚጫን ነው። በዚያች ቅጽበት የኋላ ፍሬን ተይዞ ከሆነ ጎማው እየተንከባለለ ማለፍ ሲገባው ጠርዙን እንደቆመ ይመታዋል። ከላይ ለሃይደልበርጉ ጠያቂያችን እንዳልነው ሁለት እርከን ሲቀር ይልቀቁት። ወገብዎንም ከኮርቻው አንስተው ጉልበትዎን አጥፈው ይቀበሉት።

አየሩን በተመለከተ፣ ክብደትዎ 70 ኪሎ አካባቢ፣ የጎማው ስፋት 2.1 ኢንች ከሆነ፣ ከመነዳሪ ባለው ጎማ ለእንዲህ ዓይነት ደረጃ ፊት 2.2 ባር (32 ፒኤስአይ)፣ ኋላ 2.5 ባር (36 ፒኤስአይ) ይሙሉ። ጎማው 1.95 ከሆነ በሁለቱም ላይ 0.2 ባር ይጨምሩ። በየ10 ኪሎ የክብደት ልዩነት 0.1 ባር ያህል ከፍና ዝቅ ያድርጉ። ጎሚስታ ቤት ያለው መለኪያ ለመኪና ጎማ የተዘጋጀ በመሆኑ የ0.2 ባር ልዩነትን አጣርቶ ላያሳይ ይችላል። መለኪያ ያለው የእጅ መንፊያ መግዛት ይሻላል፤ ጣት ጎማው ላይ ጫን አድርጎ መገመት እዚህ ላይ አይሠራም። ከመጠን በላይ ነፍቶ ማጠንከርም ጥሩ አይደለም፤ ጎማው ድንጋዩን ሳይጨብጥ ይነጥራል።

ከመነዳሪው ሲለጠፍ ሁለቱም ቀዳዳዎች በአንድ ትልቅ ልጣፍ መሸፈን አለባቸው። ላዩ በብርጭቆ ወረቀት ይሻከር፤ ማስቲሹ ተቀብቶ አብረቅራቂነቱ እስኪጠፋ አምስት ደቂቃ ያህል ይጠበቅ፤ ከዚያ ልጣፉ በኃይል ይጫን። እርጥብ ማስቲሽ ላይ የተለጠፈ ልጣፍ በማግስቱ ይነሳል። ቸርኬውንም ይመርምሩት፤ ይህን ያህል ጊዜ ተመትቶ ከንፈሩ ሳይታጠፍ አይቀርም። የታጠፈ ቸርኬ የሽቦ ፍሬን ላለው ብስክሌት ሁለት ጊዜ አደጋ ነው፤ ጎማው በዞረ ቁጥር የታጠፈው ቦታ በፍሬን ሸራዎቹ መሃል ሲገባ ፍሬኑ ድንገት ይነክሳል። ደረጃ ላይ የፊቱ እንዲህ ከነከሰ ይገለብጣል። ብስክሌቱን ገልብጠው ጎማውን ያሽከርክሩና ቸርኬው በሸራዎቹ መካከል ሲወዛወዝ ይዩ። ሸራው ከቸርኬው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር መራቅ፣ ሲያዝም ሙሉ በሙሉ ቸርኬው ላይ ማረፍ አለበት፤ ጎማውን ከነካ ይቆርጠዋል። የፍሬን እጀታውን እስከ መጨረሻው ሲጨብጡ ከመሪው ሁለት ጣት መራቅ ይኖርበታል፤ መሪውን ከነካ ሽቦው ላልቷል። የሸራው መስመሮች ጠፍተው ከሆነ ይለውጡት።

በክረምት ግን ያቺን ደረጃ ይተዉአት። የሽቦ ፍሬን በእርጥብ ቸርኬ ላይ ውኃው እስኪጠረግ አይዝም፤ ያ እስኪሆን በ30 ዲግሪ ቁልቁለት ላይ ብዙ እርከን ወርደዋል። ጥላ ሥር ያለ ድንጋይ ደግሞ ሽበት ያበቅላል፤ በዚያ ላይ የትኛውም ጎማ አይይዝም።

ጥያቄ፦ ከጎንደር ነኝ፣ 16 ዓመቴ ነው። ቺሊ ቫልፓራይሶ ውስጥ በከተማ ደረጃዎች ላይ የሚደረገውን የብስክሌት ውድድር በስልኬ አየሁ። እንደዚያ በፍጥነት ሲወርዱ ለምን አይወድቁም?

መልስ፦ ይወድቃሉ፤ ልምድ ያላቸውም ጭምር። ግን ያየኸው ነገር ምክንያት አለው። ተራ ደረጃ ላይ በጠርዝና በጠርዝ መካከል 34 ሴንቲ ሜትር ያህል አለ። ባለ 29 ኢንች ጎማ ትልቅ ስለሆነ በሁለት ጠርዞች መካከል የሚሰምጠው 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ፈጥኖ ሲሄድ ደግሞ ያን ያህል እንኳ ለመስመጥ ጊዜ አያገኝም። ለዚህ ነው ፈጣኑ ጋላቢ በጠርዞቹ ላይ የሚንሳፈፍ የሚመስለው። ነገር ግን የውድድሩ ብስክሌቶች የፊት ሾካቸው 200 ሚሊ ሜትር ያህል የሚጨመቅ፣ የፍሬን ዲስካቸውም 200 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ነው። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው ያ ውድድር መንገዱ ለእግረኛ ተዘግቶ፣ በደረጃዎቹ ላይ የእንጨት መዝለያ ተሠርቶ፣ ጋላቢዎቹም አስቀድመው ተለማምደውበት ነው። አንተ በሦስት እርከን ጀምር። ፍጥነቱ ከልምምዱ በኋላ ራሱ ይመጣል። በጎንደር የፋሲል ግቢ ደረጃዎች ላይ ግን አትሞክር፤ የቆየ ድንጋይ አንዴ ከተሸረፈ አይመለስም።

ጥያቄ፦ ከሃይፋ ነው። በቀርሜሎስ ተራራ ጥርጊያዎች እነዳለሁ፤ ረዣዥም የድንጋይ ደረጃዎች አሉባቸው። ግማሽ ላይ ስደርስ እጄ ይደነዝዛል፤ የፊት ሾኬም መጀመሪያ ለስላሳ ሆኖ በኋላ እንደ ብረት ይደርቅብኛል። ሾኩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ እህታችን፣ ሾኩ ጤነኛ ይመስላል፤ ማስተካከያው ነው የተሳሳተው። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ሲወርዱ ጎማው በሰከንድ 12 ያህል ጠርዝ ይመታል። ሾኩ ከተጨመቀ በኋላ የሚዘረጋው ቀስ ብሎ ከሆነ፣ ሳይዘረጋ ሌላ ምት ይደርስበታል። እንዲህ በየእርከኑ ትንሽ ትንሽ እየሰመጠ ሄዶ መጨረሻ ላይ የሚጨመቅ ቦታ ያልቅበታል። የዚያን ጊዜ ምቱን ሁሉ የሚቀበለው እጅዎ ነው፤ የብስክሌቱም አፍንጫ ስለሚያጎነብስ ክብደትዎ ይበልጥ ወደ መዳፍዎ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ከሾኩ ቀኝ እግር ግርጌ የሚገኘውን ቀይ ማዞሪያ ሁለት ቀጭታ ወደ ፈጣኑ በኩል (በአንዳንዶቹ ጥንቸል ወደተሳለበት) ያዙሩትና ያንኑ ደረጃ ደግመው ይውረዱ። ካልበቃ አንድ ይጨምሩ። መሪውን ጫን አድርገው ሲለቁ ጎማው ከመሬት ከዘለለ ግን አልፏል፤ አንድ ይመልሱ። ሾኩ የአየር ከሆነ 5 በመቶ ያህል አየር ይጨምሩ፤ ሜዳ ላይ ሲቀመጡ ከጠቅላላ እንቅስቃሴው ከ20 በመቶ በላይ መስመጥ የለበትም።

ሁለተኛው ምክንያት የፍሬን እጀታ አቀማመጥ ነው። ለሜዳ ተብሎ ወደ ታች 45 ዲግሪ የተዘቀዘቀ እጀታ ቁልቁለት ላይ የእጅ አንጓን ያጥፋል። ወደ 25 ዲግሪ ያንሱት፤ ክንድ፣ አንጓና ጣት አንድ መስመር ይሆናሉ። በአንድ ጣት ለመድረስ የሚከብድዎ ከሆነ እጀታው ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን አዙረው ወደ መሪው ያቅርቡት። መሪውን አጥብቀው አይጨብጡ። ድንዛዜው በማግስቱም ካለቀቀዎ ሐኪም ይዩ።

በከተማው ሰፈሮች መካከል ያሉት ደረጃዎች ግን ሌላ ናቸው፤ ሽማግሌዎች አስቤዛ ይዘው የሚወጡባቸው ናቸውና እዚያ ይውረዱና ይግፉ። በሃ ድንጋይ በእግር ብዛት ሲልም ደግሞ ደረቅ ሆኖም ያንሸራትታል።

ከእንዲህ ዓይነት ንጠት በኋላ ብሎኖች ይላላሉ። የመሪውን ብሎኖች በ5 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ፤ የፍሬን ዲስኩንና የፍሬን መያዣውን ብሎኖችም ይፈትሹ። የጎማውን ሽቦዎች ሁለት ሁለቱን በጣት ጨበጥ እያደረጉ ይዙሩ፤ አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ ከላላ ቸርኬው ሳይጣመም በዚያው ቀን ያስጠብቁት።