መልስ፦ የ«ዊቸር 3» ወይስ የ«ማስ ኢፌክት 3» አጨራረስ?

ወንድሜ፣ ከሁለቱ የቪዲዮ ጨዋታዎች የማን አጨራረስ ይበልጣል ላልከው፣ እኔ ሳላመነታ «ዊቸር 3» እላለሁ። ካልጨረስከው ግን ከዚህ በታች አታንብብ። አንተ የምትጫወተው ጀግና፣ ጌራልት፣ እንደ ልጁ ያሳደጋትን የሲሪን ዕጣ የሚወስነው የመጨረሻው ውጊያ አይደለም። ቀደም ብለህ እንደ አባት እንዴት እንደያዝካት ነው። ስትከፋ አብረሃት በረዶ ከተወራወርክ ይቆጠርልሃል። «ሁሉንም መቻል የለብሽም» ብለህ መጠጥ ካቀረብክላት ይቆጠርብሃል። እኔ በደብረ ብርሃን ውርጭ ጋቢ ተከናንቤ ሌሊቱን ስጫወት አጣኋት። እንባዬ መጣ። በማግስቱ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

«ማስ ኢፌክት 3» ግን በተከታታዮቹ ሦስት ጨዋታዎች የመረጥኩትን ሁሉ መጨረሻ ላይ ወደ ጥቂት አማራጭ ጠቀለለው። እ.ኤ.አ. በ2012 ተጫዋቹ ሲቆጣ አዘጋጆቹ የአጨራረሱን ማራዘሚያ በነጻ አወጡ። ትንሽ አብራራው እንጂ አላረካኝም። ጉዞው ግን፣ በተለይ ሁለተኛው ክፍል፣ እስካሁን ከልቤ አልወጣም።