መልስ፦ ለታሰሩ ሰዎች የምንጽፈው ደብዳቤ መልስ አያገኝም፤ ምን እናስተካክል?

ጎንደር ላይ ተሰባስባችሁ በሌላ አገር በግፍ ስለታሰሩ ሰዎች ለዚያ አገር ባለሥልጣን መጻፋችሁ ትልቅ ነገር ነው፤ መልስ አለመምጣቱ አያስቁማችሁ። ባለሥልጣኑ ሰውየው እንዳልተረሳ ማወቁ ራሱ ዋጋ አለው።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይለፍ። የእስረኛው ሙሉ ስም፣ የታሰረበት ቦታና ቀን መጀመሪያው አንቀጽ ላይ ይግባ፤ ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ይፈታ፣ ወይም ጠበቃ ያግኝ። በ1948 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የሰብዓዊ መብቶች ሁለንተናዊ መግለጫ አንቀጽ 9 የዘፈቀደ እስርን ይከለክላል፤ እሱን ጥቀሱ።

ብዙ ጊዜ ሥራውን የሚያበላሸው አንዱን ጽሑፍ አባዝቶ በአንድ ፖስታ ማጨቅ ነው፤ ለተቀባዩ አንድ ደብዳቤ ማለት ነው። እያንዳንዱ በራሱ ቃል፣ በእጁ ጽፎ፣ በተለያየ ቀን ፒያሳ ፖስታ ቤት ያስገባ። ስድብ አይግባበት። ለእስረኛው ለራሱ ስትጽፉ ግን ስለ ክሱ ምንም አታንሱ፤ ቀድሞ የሚያነበው ጠባቂው ሊሆን ይችላል።