«ችሎት መድፈር» ሲባል ድፍረቱ የቱ ላይ ነው?

ጥያቄ፦ የወንድሜን ጉዳይ ልከታተል ፍርድ ቤት ሄጄ ስልኬ ጮኸ። በር ላይ የቆመው ፖሊስ «እህቴ፣ ይሄ እኮ ችሎት መድፈር ነው!» አለኝ። ደንግጬ ወጣሁ። ልጅ ሆነን «ደፋር ሁኑ» እየተባልን ነው ያደግነው። ድፍረት እንዴት ጥፋት ሆነ?

መልስ፦ መደንገጥዎ አይገርምም፤ ቃሉ ሁለት ፊት አለው። «ደፍራ ተናገረች» ስንል እያሞገስን ነው። ሴትዮዋ ያለፈችው የራሷን ፍርሃት ነው። «ድንበር ደፈረ»፣ «ክብሬን ደፈረ» ስንል ግን የታለፈው የሌላው መስመር ነው። ችሎት መድፈርም ከዚህ ወገን ነው።

ችሎትስ ምንድን ነው? ብዙዎች ክፍሉ ይመስላቸዋል። ዳኛ ተቀምጦ ጉዳይ ሲሰማ «ያስችላል» እንላለን፤ ችሎትም የሚያስችልበት ጉባኤ ነው። ዳኞቹ ሲገቡ ሰው ሁሉ ብድግ ይላል፤ ችሎቱ «ተሰየመ» ይባላል። በምሳ ሰዓት ያው ክፍል፣ ያው አግዳሚ አለ፤ ችሎት ግን የለም። ጠበቃው አንድ ዳኛ ፊት ቆሞ «ክቡር ፍርድ ቤት» የሚለውም ለዚህ ነው። ክብሩ ለወንበሩ ነው። እርስዎም ከመድረኩ ቢጠየቁ እንዲሁ ይበሉ፤ ዳኛው ጎረቤትዎ ቢሆኑ እንኳ «ጋሼ» አይባልም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 449 ችሎት ላይ መሳደብን፣ ማፌዝን፣ መዛትን፣ ሥራውን ማወክን ይቀጣል። እስከ 1 ዓመት እስራት ሊያደርስ ይችላል። እንግዲህ ሳይታሰብ ለጮኸ ስልክ «መድፈር» የሚለው ቃል ለእኔ ይከብደኛል። «ችሎቱን ይረብሻል» ቢልዎ ይበቃ ነበር። ከባድ ቃል በየምክንያቱ ከተወረወረ፣ ዳኛ ለሚሰድበው ሰው ምን ሊቀረን ነው?

ደግሞ ፈርተው እንዳይቀሩ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ተከሳሽ ለሕዝብ ግልጽ በሆነ ችሎት የመሰማት መብት አለው ይላል። ችሎቱ በሕግ ምክንያት «ዝግ» ካልተባለ፣ እርስዎ እዚያ መቀመጥዎ የወንድምዎ መብት አካል ነው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ቀደም ብለው ይግቡ። እግር አያነባብሩ፣ ማስቲካ አያኝኩ፣ ሳይፈቀድ ፎቶም ድምፅም አይቅረጹ። ስልኩን ንዝረት ላይ ማድረግ አይበቃም፤ ጸጥ ባለ ችሎት የእንጨት አግዳሚ ላይ ሲንቀጠቀጥ ከፊት ወንበር ድረስ ይሰማል። ያጥፉት።