መልስ፦ ትራማዶሉን ካቆመ ምክር ምን ይጨምርለታል?

እህቴ፣ ወንድምሽ ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ካቆመ ሦስት ሳምንት እንደሆነው፣ ላቡም ቁርጥማቱም እንደተወው ጽፈሻል። «ታዲያ ከአማካሪ ጋር ማውራት ምን ያደርግለታል?» ነው ጥያቄሽ። ያለፍኩበት ነገር ስለሆነ ልንገርሽ።

መድኃኒቱ ከሰውነት ይወጣል። አምሮቱ ግን ይቆያል። ካቆምኩ ከሁለት ወር በኋላ እንኳ፣ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስሄድ የምገዛበት ጥግ ጋ ስደርስ እጄ ሳላዘው ኪሴ ይገባ ነበር። አማካሪዬ አንድ ደብተር አስገዛችኝ። ባማረኝ ቁጥር ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ምን እንደተሰማኝ እጽፋለሁ። አብረን ስናየው አብዛኛው ከሥራ መልስ 11 ሰዓት ላይ ነው። ያውም ምሳ ሳልበላ፣ ከአባቴ ጋር በተኳረፍንበት ቀን። መንገዴን ቀየርኩ፣ ምሳ መዝለል ተውኩ። ከአባቴ ጋር መነጋገሩ ግን ወራት ፈጀ።

ምክር ብቻውን ሁሉንም አይሠራም። ለኦፒዮይድ (ትራማዶልን ጨምሮ የሞርፊን ዓይነት ማስታገሻዎች) ሱስ እንደ ቡፕሬኖርፊንና ሜታዶን ያሉ መድኃኒቶች አሉ፤ ለእሱ ያስፈልጉት እንደሆነ የሚወስነው ሐኪም ነው።

አንድ አደራ አለኝ። ሰው ለሳምንታት ካቆመ በኋላ ሰውነቱ የድሮውን መጠን አይችልም። ቢያገረሽበትና እንደ በፊቱ ቢውጥ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ አትጩሂበት፤ እንዳይደብቅሽ።

አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ስሙ አያስፈራችሁ። አብረሽው ሂጂ። በመጀመሪያው ቀን በር ላይ ደርሶ መመለስ ያለ ነው፤ እኔም ተመልሻለሁ። በማግስቱ እንደገና ውሰጂው።