ኮሮላዬን ይዤ ደሴ ልግባ?

ጥያቄ፦ ሻርጃ 9 ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁን ጠቅልዬ ልገባ ነው። የ2015 ሞዴል (በፈረንጆቹ) የቤንዚን ኮሮላ አለችኝ። ጭረት እንኳ የላትም። ለአባቴ «ላንተ ነው የማመጣት» ብዬዋለሁ። ቀረጧ ስንት ይመጣል? እግረ መንገዴንስ ኋላዋ ላይ ብርድ ልብስና ቴሌቪዥን ብጠቀጥቅባት?
የቧንቧ ውኃው ልጅ

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። እንኳን ሳትጭናት ጠየቅህ። ቀረጡን ተወው፣ ኮሮላዋ አትገባም። በቤንዚንም በናፍጣም የሚሄድ የግል አውቶሞቢል ማስገባት በጥር 2016 ተከልክሏል። ከዚያ በፊትም ቢሆን የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና ላይ እስከ 500 ከመቶ ይጥል ነበር። እኔ ኮምቦልቻ ላይ በትራንዚተርነት፣ ማለትም የሰው ዕቃ ከጉምሩክ እያስወጣሁ፣ ስሠራ ያንን ስሌት ሰምቶ ወንበር የፈለገ ሰው አይቻለሁ።

እዚያው ሽጣት። ብሩን ይዘህ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና አስብ። ተገጣጥሞ ያለቀ የኤሌክትሪክ መኪና የጉምሩክ ቀረጡ 15 ከመቶ ነው። የሚሰላው ግን በመኪናው ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም፤ የመርከቡና የኢንሹራንሱ ሒሳብም ይደመርበታል። ኢንቮይስህ ላይ ያለውን ዋጋ ደግሞ ጉምሩክ ሁልጊዜ እንዳለ አይቀበልም፤ ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት የዛሬውን ስሌት እዚህ ባለ ትራንዚተር አሠራ። ደረቅ ወደብ ኮምቦልቻ አለ ብለህም መኪናው ደጃፍህ ይወርዳል ብለህ አትቁጠር። ከጅቡቲ በኋላ የት እንደሚራገፍ ገና ሳይጫን ጠይቅ። መሪው በግራ መሆኑንማ ሻርጃ ስላለህ አልነግርህም።

«ኤሌክትሪክ ከኮምቦልቻ ደሴ ያለውን የሐረጎን ዳገት ይወጣል ወይ?» ማለትህ አይቀርም። ባለፈው ክረምት ከጎረቤቴ ጋር ሞከርነው። ከኮምቦልቻ ስንነሳ ባትሪው 60 ከመቶ ነበር፣ ደሴ 48 ላይ ደረስን። ስንመለስ ቁልቁለቱ ራሱ ቻርጅ እያደረገው 2 ከመቶ ብቻ በላ። ያስቸገረን ዳገቱ ሳይሆን ስክሪኑ ነው፤ ሁሉም ነገር በቻይንኛ። ጎረቤቴ ማሞቂያውን ፍለጋ ሲነካካ መቀመጫውን ወደኋላ አስተኛው። አንተ ስትገዛ ቋንቋው እንግሊዝኛ ወይም ዐረብኛ መሆኑን ቁጭ ብለህ አይ። የቻርጀሩንም አፍ ተመልከት፤ እዚህ የሚበዙት የቻይና መኪኖች ስለሆኑ የአውሮፓ አፍ ያለው ያንከራትትሃል። አባትህ ቤት ካለው ተራ ሶኬት ትልቅ ባትሪ ከባዶ መሙላት ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል፤ መብራት ካልጠፋ ማለቴ ነው።

ብርድ ልብሱን ግን እንዳትሞክረው። አንድ ደንበኛዬ ሳይነግረኝ መኪናው ውስጥ 6 ብርድ ልብስና የሕፃን ጋሪ አጭቆ መጣ። ሰነዱ ላይ የሉም። ፈታሹ በሩን ሲከፍተው አንዱ ብርድ ልብስ እግሩ ላይ ወደቀ። ወረቀቱ ተስተካክሎ እስኪያልቅ መኪናው 20 ቀን ቆመ። የመጋዘኑን ኪራይ ከፍለን ስንወጣ ደንበኛዬ ብርድ ልብሶቹን እያየ፣ «በዚህ ብር ደሴ ሰኞ ገበያ 20 እገዛ ነበር» አለኝ።