ጀርባውን ሳያገላብጡ አይግዙ፦ ስለ ጥንት የአሜሪካ የባሕር ስዕሎችና የቤት ዕቃዎች ጥያቄና መልስ

ጠያቂዎቹ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የውርስ ዕቃ ሲሸጥ ወይም ጨረታ ሲወጣ ለመግዛት የሚያስቡ ወገኖች ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ አንቶኒዮ ጃኮብሰን የሚል ፊርማ ያለበት የእንፋሎት መርከብ ስዕል አይቻለሁ። ትክክለኛ መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ጃኮብሰን በ1850 ኮፐንሃገን የተወለደ፣ በ1921 ያረፈ፣ ኒው ጀርዚ ውስጥ ዌስት ሆቦከን ተቀምጦ ይሠራ የነበረ ሰዓሊ ነው። ካፒቴኖችና የመርከብ ኩባንያዎች እያዘዙት በሺህ የሚቆጠር ስዕል ስለሠራ፣ ገበያ ላይ መገኘቱ ብቻውን አያስጠረጥርም። ብዙ ጊዜ ከስሙ ጋር ዓመትና አድራሻ ይጽፋል። ዓመቱን ከመርከቡ ታሪክ ጋር ያስተያዩ፤ መርከቡ ገና ሳይሠራ የተጻፈ ዓመት ከሆነ ይተዉት። ቀጥሎ 10 እጥፍ በሚያጎላ ሌንስ ፊርማውን ይመርምሩ። የጥንት ፊርማ ከሥሩ ካለው ቀለም ጋር አብሮ ይሰነጠቃል። የፊርማው ቀለም ስንጥቁ ውስጥ ፈስሶ ከገባ ግን የተጨመረው ስዕሉ ካረጀ በኋላ ነው።

ከዚያ ክፍሉን አጨልመው የአልትራቫዮሌት መብራት ያብሩበት። ያረጀ ቫርኒሽ አረንጓዴ ያንጸባርቃል፣ በኋላ የተነካካው ቦታ ጠቁሮ ይለያል። ሰማዩ ላይ ጥቂት ጥቁር ነጠብጣብ ቢኖር አያስደነግጥም። ዋናው ነገር ገመዱ ነው። የምሰሶው ገመዶች ከሌላው ሁሉ በኋላ፣ እንደ ፀጉር ቀጥነው ስለሚሳሉ ስዕሉ በኃይለኛ ፈሳሽ ሲጸዳ ቀድመው የሚጠፉት እነሱ ናቸው። ከምሰሶ ተነስቶ ሰማይ መሃል ላይ የሚቋረጥ ገመድ ካዩ፣ ወይም ገመዱ ሁሉ በመብራቱ ሥር ከጠቆረ፣ ስዕሉ ከልክ በላይ ተጠርጎ እንደገና ተስሏል። ይህን ጉዳት የትኛውም ጠጋኝ አይመልሰውም፤ እኔ ብሆን በግማሽ ዋጋም አልወስደው።

ጥያቄ፦ ፊትዝ ሌይን አንዱ ጋ «ሂው»፣ ሌላው ጋ «ሄንሪ» ይባላል። ሁለት ሰዎች ናቸው?

መልስ፦ አንድ ናቸው፤ የግሎስተር፣ ማሳቹሴትስ ሰዓሊ (1804–1865)። ትክክለኛው ስም ፊትዝ ሄንሪ መሆኑ በሰነድ የተረጋገጠው በ2000ዎቹ ነው። ስለዚህ ከጀርባው የተለጠፈ የ1960ዎቹ የጋለሪ ወረቀት «ሂው» ቢል ችግር የለውም። ሰዓሊው በሕይወት ሳለ ተጻፈ የተባለ ወረቀት ከሆነ ግን ይጠርጥሩ።

ጥያቄ፦ ፒፓና አሮጌ መጽሐፍ ያለበት ስቲል ላይፍ (ግዑዝ ዕቃዎች የተሳሉበት ስዕል) ነው፤ ፊርማው ሃርኔት ይላል። ዋጋው ረከሰብኝ።

መልስ፦ መጠርጠርዎ ልክ ነው። በሰዓሊው ጆን ፒቶ (1854–1907) ሥራዎች ላይ የሌላውን ሰዓሊ የዊልያም ሃርኔትን (1848–1892) ፊርማ እያስገቡ የሸጡ ነበሩ፤ ይህን በ1940ዎቹ ያጋለጠው ሃያሲው አልፍሬድ ፍራንከንስታይን ነው። ሃርኔት የመጽሐፉን የቆዳ ጠርዝ በእጅ የሚዳሰስ እስኪመስል ጥርት አድርጎ ይስላል። ፒቶ ዘንድ ጠርዙ ይለሰልሳል፣ ብርሃኑ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፣ ዕቃዎቹም የተጎሳቆሉ ናቸው። ፊርማ የሌለው የፍራፍሬ ስዕል ካጋጠመዎ ደግሞ የወይኑን ሐረግ በሌንስ ይከተሉ፤ ሰዓሊው ሴቨሪን ሮዘን አንዳንዴ ስሙን በተጠማዘዘው ሐረግ ይጽፍ ነበር።

ጥያቄ፦ ሻጩ «የ1770 የፊላደልፊያ ባለመሳቢያ ቁምሳጥን» ይላል። ምኑን ልይ?

መልስ፦ ፊቱን ይተዉትና መሳቢያውን አውጥተው ይገልብጡት። አናጢው ማሆጋኒውን ወይም ዋልነቱን ለፊት፣ ርካሹን የአካባቢውን እንጨት ለውስጥ ስለሚያደርግ አገሩን የሚናገረው ውስጡ ነው። ፊላደልፊያ ብዙ ጊዜ ቱሊፕ ፖፕላር፣ ኒው ኢንግላንድ ነጭ ፓይን፣ ሮድ አይላንድ ቼስትነት ያገኛሉ። የመሳቢያው ውስጥ ኦክ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝ ነው። በመጋዙ ጭረት ላይ ቅስት ካዩ በክብ መጋዝ የተሰነጠቀ ነውና 1770 አይሆንም። ምስማሩ በእጅ የተቀጠቀጠ መሆን አለበት፤ ክብ የሽቦ ምስማር የተስፋፋው በ1890ዎቹ ነው። ሻጩን አስፈቅደው አንድ ቪቴ (ብሎን) ይፍቱ፤ ጫፉ ሹል ከሆነ ከ1840ዎቹ ወዲህ የመጣ ነው። አንድ ቪቴ ብቻውን አይፈርድም፣ ጥገና ሊሆን ይችላል፤ ሁሉም ሹል ከሆነ ግን ነገሩ አልቋል።

ላይና ታች ተነጣጥሎ የሚደራረብ ከሆነ የመሳቢያዎቹን ሳንቃዎች ማዕዘን ላይ የሚያቆላልፉትን ጥርሶች ጎን ለጎን ያስተያዩ። የላዩ ቀጭን፣ የታቹ ወፍራም ከሆነ የሁለት ዕቃ ግማሾች ተገጣጥመዋል። ክብ ጠረጴዛ ደግሞ በሜትር ይለካል፦ እንጨት የሚኮማተረው በጅማቱ አግድም ስለሆነ፣ የ200 ዓመት ጠረጴዛ በዚያ በኩል በጥቂት ሚሊሜትር ያጥራል። ፍጹም ክብ ከሆነ አዲስ ነው።

ጥያቄ፦ የጠቆረ ጠረጴዛ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ አዲስ ቫርኒሽ ልቀባው?

መልስ፦ እባክዎ አይንኩት! ያ ገጽ አንዴ ከሄደ አይመለስም፣ ዋጋውም አብሮ ይሄዳል። ደረቅ ጨርቅና በዓመት አንዴ ስስ ሰም ይበቃዋል። የተላጠ ቦታ ካለ በጎማላካ (ለእንጨት የሚቀባ የተፈጥሮ ሙጫ) የሚሠራ ሰው ይፈልጉ፤ ጎማላካ በአልኮል ስለሚለቅ ስህተት ቢፈጠር ይታረማል።

ጥያቄ፦ ስዕሉን የት ልስቀል?

መልስ፦ ከምድጃና ከማሞቂያ ርቆ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ግድግዳ ላይ። የአየሩ እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ይሁን። በክረምት ማሞቂያው ቤቱን ሲያደርቀው ቀለሙም እንጨቱም ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ በጨረታ 2,000 ዶላር ብል የምከፍለው ስንት ነው?

መልስ፦ የጨረታ ቤቱ በዋጋው ላይ ከገዢ የሚያስከፍለው ድርሻ 25 በመቶ ከሆነ 2,500፤ ግብርና ማጓጓዣ ከዚያ በላይ ነው። ከመጫረትዎ በፊት የዕቃውን ሁኔታ የሚገልጽ ሪፖርትና የጀርባውን ፎቶ ይጠይቁ።