በሃይዌይ 1 የባሕር ዳር ጉዞና የዱር እንስሳት፤ ጥያቄና መልስ

ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ሎስ አንጀለስ ባሕሩን ይዞ የሚወርደውን የካሊፎርኒያ ሃይዌይ 1 አስራ አንድ ጊዜ ነድቼዋለሁ። ሦስቱን ጊዜ ተሳስቼ ነው የነዳሁት፤ እሱንም አልደብቅም። ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ጠዋት ከሳን ፍራንሲስኮ ተነስተን ማታ ኤል.ኤ. መግባት አለብን። በሃይዌይ 1 ብንወርድ ያዋጣል?

መልስ፦ መድረሱን ትደርሳላችሁ፤ ማየቱን ግን አታዩም። የመጀመሪያ ስህተቴ ይቺ ነበረች። ገና ሳይነጋ ተነሳሁ፤ ቢግ ሰር በሚባለው ገደላማ የባሕር ዳር ክፍል ለፎቶ ስቆም ስነሳ ዋልኩና ኤለፋንት ሲል የሚባሉት ግዙፍ የባሕር አጥቢዎች ጋ ስደርስ ዓይን ቢወጉ የማይታይ ጨለማ ሆነ። ሲያጓሩ ብቻ ሰምቼ፣ አንድም ሳላይ ወደ መኪናዬ ተመለስኩ። ከሞንተሬይ እስከ ሳን ሲሚየን ያለው 100 ማይል አይሞላም፤ ግን ጠመዝማዛ ስለሆነ ሳይቆሙ እንኳ ሦስት ሰዓት ይጠጋል። ያላችሁ አንድ ቀን ከሆነ ከባሕሩ ራቅ ብሎ በሚያልፈው ሃይዌይ 101 ውረዱና ሞሮ ቤይ ላይ ብቻ ጎራ በሉ። ሦስት ቀን ካገኛችሁ አንዱን ማታ ሞንተሬይ፣ ሌላውን ካምብሪያ እደሩ። ጉዞውን በማይል ሳይሆን በምትቆሙባቸው ቦታዎች ቁጠሩት፤ በቀን ከአራት በላይ አታብዙ።

ጥያቄ፦ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሻላል ወይስ ከደቡብ ወደ ሰሜን?

መልስ፦ ወደ ደቡብ። ባሕሩ በቀኝህ ይሆናል፤ ተርንአውት የሚሉት የመንገድ ዳር መቆሚያም ከፊትህ የሚመጣውን መኪና ሳታቋርጥ ይገኛል። እግረ መንገዴን፦ ከኋላህ አምስት መኪና ከተሰለፈ ጥግ ይዘህ ማሳለፍ በካሊፎርኒያ ሕግ ግዴታ ነው። እያየህ ለመንዳት አትሞክር፤ ወይ ንዳ፣ ወይ ቆመህ እይ።

ጥያቄ፦ እናቴን ይዤ ነው የምሄደው። ጉልበቷን ስለሚያማት ብዙ መራመድ አትችልም። ከመኪና ወርዳ እዚያው የምታየው ነገር አለ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንዲያውም ከመንገዱ ሁሉ የምወደው ቦታ ለእናትሽ የተሠራ ይመስላል። ከሳን ሲሚየን ሰሜን ሰባት ማይል ያህል ላይ ፒየድራስ ብላንካስ የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ። መኪና ማቆሚያው መንገዱ ጠርዝ ላይ ነው፤ ከዚያ ደልዳላ የእንጨት መተላለፊያ አለ፤ ክፍያ የለም። ከታች አሸዋው ላይ ኤለፋንት ሲሎች እንደ ተራገፈ ጆንያ ተደርድረው ተኝተዋል። ወንዱ እስከ 2,300 ኪሎ ይመዝናል፤ አፍንጫው እንደ አጭር ኩምቢ ተንጠልጥሏል፤ ሲያጓራ ጠዋት አልነሳ ያለ የጭነት መኪና ሞተር ነው የሚመስለው። ሌሎቹ ምንም አያደርጉም፤ ይተኛሉ፤ አንዳንዴ በመቅዘፊያቸው አሸዋ ዝቀው ጀርባቸው ላይ ይበትናሉ። እናትሽን አጥሩ አጠገብ አቁሚያትና ግማሽ ሰዓት ዝም በሉ። መጀመሪያ አንድ ክምር ሥጋ ያየ ሰው ቀስ እያለ አንዷ ግልገሏን ስታጠባ፣ ሁለት ወጠጤዎች ደረት ለደረት ሲገፋፉ መለየት ይጀምራል።

የሚገርመው፣ እነዚህ እንስሳት እዚያ ዳርቻ ላይ መውጣት የጀመሩት 1990 ነው፤ የመጀመሪያው ግልገል የተወለደው 1992። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለዘይታቸው ሲባል ተጨፍጭፈው ሜክሲኮ ውስጥ ጓዳሉፔ ደሴት ላይ ጥቂቶች ብቻ ተርፈው ነበር።

ጥያቄ፦ እኛ በሜይ ሄደን ቆዳቸው እየተላጠ አየን። ልጆቼ ታመዋል ብለው አለቀሱ።

መልስ፦ አልታመሙም። በየዓመቱ ጠጉራቸውን ከላይኛው ቆዳ ጋር ይቀይራሉ፤ እንደ አሮጌ ቀለም እየተላጠ ይወድቃል። ሴቶቹና ወጣቶቹ በኤፕሪልና ሜይ፣ ትልልቆቹ ወንዶች በጁላይና ኦገስት።

ጥያቄ፦ ታዲያ የትኛው ወር ነው የሚሻለው?

መልስ፦ መጀመሪያ የምታየውን እንስሳ ምረጥ፤ ወሩን እሱ ይነግርሃል። የኤለፋንት ሲል ውልደትና ጠብ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ነው፤ ጫፉ የጃንዋሪ መጨረሻ። 35 ኪሎ ገደማ ሆኖ የተወለደ ግልገል በአንድ ወር ጡት ብቻ 110 ኪሎ ያልፋል፤ እናቲቱ በዚያ ሁሉ ጊዜ ምንም አትቀምስም። ግሬይ የሚባለው ዓሣ ነባሪ በዲሴምበርና ጃንዋሪ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ከፌብሩዋሪ እስከ ሜይ ይመለሳል። ሃምፕባክ የሚባለውን ዓሣ ነባሪ ከፈለግህ ከኤፕሪል እስከ ኖቬምበር ሞንተሬይ ሂድ። ሞናርክ ቢራቢሮ ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ፌብሩዋሪ። የባሕር ኦተር የሚባለው ጠጉራም የባሕር አጥቢ ዓመቱን ሙሉ አለ።

ሁለተኛ ስህተቴን ልንገርህ፦ “በጋ ነው፣ ፀሐይ ነው” ብዬ በጁላይ ሄድኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ጭጋግ። ቢክስቢ የሚባለው በ1932 የተጠናቀቀ ዝነኛ ድልድይ ላይ ቆሜ ድልድዩን አላየሁትም። ለጠራ ሰማይ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ይሻላል።

ጥያቄ፦ ኦተር የት ነው የሚታየው? ሞንተሬይ ቆመን ፈልገን አጣን።

መልስ፦ ከፍ ካለ ገደል ላይ አትፈልጉት፤ ውሃው ላይ ከተንሳፈፈ ግንድ አይለይም። ወደ ሁለት ቦታ ሂዱ፦ ሞስ ላንዲንግ ወደቡ ጋ፣ ወይም ሞሮ ቤይ ትልቁ ቋጥኝ ሥር። ሁለቱም ጋ ውሃው የተረጋጋ ነው። በጀርባው ተንጋልሎ፣ ኬልፕ የሚሉትን ረጅም የባሕር ተክል ወገቡ ላይ ጠምጥሞ ይተኛል፤ ማዕበል እንዳይወስደው መልሕቁ እሱ ነው። ከማየታችሁ በፊት ልትሰሙትም ትችላላችሁ። ደረቱ ላይ ድንጋይ አስቀምጦ ቀንድ አውጣ መሳዩን ዛጎል ቋ ቋ ቋ ያደርገዋል፤ ከዚያ ተገልብጦ ፍርፋሪውን ታጥቦ እንደገና ይተኛል። እንደ ሲሎቹ የስብ ሽፋን የለውም፤ የሚሞቀው በጠጉሩ ጥግግትና በመብላት ነው፤ በየቀኑ የክብደቱን ሩብ ያህል ይበላል። ከፀጉሩ ንግድ የተነሳ ከካሊፎርኒያ ጠፍቷል ተብሎ ነበር፤ 1938 ላይ ቢግ ሰር አጠገብ 50 ያህል ተገኙ። ዛሬ የካሊፎርኒያዎቹ 3,000 ገደማ ናቸው፤ ሁሉም የነዚያ ዘር።

ጥያቄ፦ ቢግ ሰር ላይ ከላያችን የዞረው ትልቅ ጥቁር አሞራ ኮንዶር ነው?

መልስ፦ ክንፉን ወደ ላይ ከፈት አድርጎ እንደ ሰከረ ግራ ቀኝ ከተወዛወዘ ተራ አሞራ ነው። እንደ ጣውላ ቀጥ ብሎ ሳይወዛወዝ ካለፈ፣ ክንፉ ሥር ነጭ ከታየና ቁጥር የተጻፈበት ምልክት ካለው ኮንዶር ነው። የካሊፎርኒያ ኮንዶር ግዙፍ አሞራ ነው፤ 1982 ላይ በዓለም 22 ብቻ ቀርተው ነበር። ቁጥሩን ጻፈው፤ የእያንዳንዱ ታሪክ ተመዝግቧል።

ጥያቄ፦ መንገዱ ይዘጋል ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፣ ሦስተኛውም ስህተቴ ይኸው ነው። ከዝናብ ማግስት ሳልጠይቅ ገባሁና ቢግ ሰርን ካለፍኩ በኋላ “መንገድ ተዘግቷል” የሚል ሰሌዳ ጠበቀኝ፤ የመጣሁበትን ሁሉ ተመለስኩ። ተራራው ባሕሩ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ አፈሩም የላላ ስለሆነ ይናዳል። ሜይ 2017 ላይ መድ ክሪክ የተባለው ቦታ ተንዶ መንገዱ የተከፈተው በጁላይ 2018 ነው። ሆቴል ከመያዝህ በፊት የግዛቲቱ የመንገድ መሥሪያ ቤት ካልትራንስ ያለውን ኩዊክማፕ ተመልከት። ቢዘጋም ጉዞው አይሰረዝም፦ በ101 እስከ ፓሶ ሮብልስ ውረድ፣ በሃይዌይ 46 ወደ ካምብሪያ ተሻገር፤ ሲሎቹን ከደቡብ በኩል ታገኛቸዋለህ።

ጥያቄ፦ ጀልባ ያስታውከኛል። ዓሣ ነባሪ ከመሬት ማየት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ሞንተሬይ አጠገብ ያለው ፖይንት ሎቦስ ወይም ፒየድራስ ብላንካስ በማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሳ። ዓሣ ነባሪውን አትፈልጊ፤ ትንፋሹን ፈልጊ፦ አድማሱ ላይ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ነጭ እንፋሎት። አንዴ ካየሽ እዚያው ተክለሽ ጠብቂ፤ ይደግማል።

ጥያቄ፦ ከሲሎቹ ጋር ሰልፊ፣ ከላይ ደግሞ ድሮን አስቤያለሁ።

መልስ፦ ድሮኑን ቤት ተወው። የባሕር አጥቢዎችን መረበሽ ከ1972 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ሲሉ ቀና ብሎ ካየህ ከልክ በላይ ቀርበሃል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሪክ መኪና ነው ያለኝ። ስልክስ ይሠራል?

መልስ፦ ሞንተሬይ ላይ ሞልተህ ውጣ። ስልክ ቢግ ሰር ውስጥ በብዙ ቦታ አይሠራም፤ ካርታውን ቀድመህ አውርድ።

ጥያቄ፦ ቢራቢሮዎቹ?

መልስ፦ ፓሲፊክ ግሮቭ ወይም ፒስሞ ቢች። ሲበርዳቸው መብረር ስለማይችሉ ጠዋት ቅርንጫፉ ላይ የደረቀ ቅጠል ይመስላሉ፤ “የለም” ብላችሁ ሳትሄዱ ፀሐይ እስኪነካቸው ጠብቁ።

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄ ሳን ሲሚየን አካባቢ ከመኪናው መስኮት “የሜዳ አህያ አየሁ” ብሎ ሙጭጭ አለ። ሳቅንበት። ምን ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ የሜዳ አህያ። የጋዜጦች ባለቤት የነበረው ባለጸጋ ሄርስት እዚያ ኮረብታው ላይ የግል መካነ እንስሳት ነበረው፤ ሲፈርስ የቀሩት ተዋልደው ዛሬም ከከብቶቹ ጋር እዚያ ይግጣሉ። ልጁን ይቅርታ ጠይቀው።